የአልፎ ሂያጅ ሕግ

ሬቫ ስታምፐር በዕድሜዋ ሙሉ የሰው ነገር ነክታ አታውቅም። በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች መካከል የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ ጸጉሯ የሸበተ፣ ማንም በሌለበት መንገድ ቀይ መብራት ቆማ የምትጠብቅ፣ የጎረቤት ዶሮ ግቢዋ ብትገባ ታቅፋ የምትመልስ ሴት ናት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን በኒውዮርክ ግዛት፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ የእሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ፣ በረዶ ካገዳቸው መንገደኞች መሃል ተቀምጣ ሾርባዋን ሳትቀምስ ደጋግማ ወደ እግሯ ስር ትመለከት ነበር። በእግሮቿ መካከል የጨርቅ ቦርሳ አለ። በቦርሳው ውስጥ የተቆለፈ የብረት ሳጥን፣ በሳጥኑ ውስጥ ደግሞ የሟች አባቷ ሽጉጥ።

ሽጉጡ የእሷ አይደለም። አባቷ ኦርቪል ሊሞት ሲል ጠመንጃውን ለሬቫ፣ ሽጉጡን ቬርሞንት ለሚኖረው ለታናሽ ወንድሟ ለዶይል ተናዞ ነበር። ዶይል ወገቡን ታሞ መምጣት ስላልቻለ እሷ ልታደርስለት ተነሳች። ችግሩ መሃል ላይ ያለው ኒውዮርክ ነው። በእነሱ ተራራ ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ አያስፈልግም፤ በዶይልም አገር እንደዚያው ነው። ኒውዮርክ ግን ራሱ ያልፈቀደለት ሰው ሽጉጥ ይዞ ከተገኘ ወንጀለኛ ነው። ዶይል ይህን ስለሚያውቅ በስልክ ደጋግሞ አስጠንቅቋታል።

"አይዞሽ፣ የፌዴራል ሕግ አለ" ብሏት ነበር። "ከተፈቀደበት ተነስተሽ ወደተፈቀደበት የምታልፊ ከሆነ፣ ጥይቱ ከወጣ፣ ከተቆለፈ፣ እጅሽ የማይደርስበት ከተቀመጠ ማንም አይነካሽም። ብቻ እንዳትቆሚ። ነዳጅ ቅጂ፣ ሽንት ቤት ግቢ፣ ሂጂ።"

እንዳትቆሚ መባሏን በረዶው አልሰማም። ቀትር ሲያልፍ አውራ ጎዳናው ከሰማዩ የማይለይ ሆነ፤ ፖሊሶችም መኪናውን ሁሉ እያስወጡ ወደ ጣቢያው ሰበሰቡት። ትእዛዛቸው አጭር ነበር፤ መኪናችሁን ሳትቆልፉ፣ ቁልፉን እንደተሰካ ተዉት፣ በረዶ ጠራጊዎቹ ሲያስፈልጋቸው ያንቀሳቅሱታል።

ሬቫ መሪዋን እንደጨበጠች ቁጭ አለች። ሳጥኑ ከፒካፕ መኪናዋ ኋላ፣ ከጭነቱ ጋር በሸራ ተሸፍኖ፣ ልክ ሕጉ እንደሚለው ተቀምጧል። ነገር ግን አባቷ ልጆቹን ፊደል ሳይቆጥሩ ያስተማራቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። መጀመሪያ፣ መሣሪያውን ባልተቆለፈ መኪና ውስጥ ጥሎ የሚሄድ ሰው በዚያ መሣሪያ የሚፈሰው ደም ሁሉ በእሱ ራስ ላይ ነው። ቀጥሎ፣ የሕግ ሰው ፊትሽ ሲቆም እሱ ከማግኘቱ በፊት አንቺ ንገሪው፤ እጅሽን በሚታይበት አስቀምጪና ንገሪው። በእነሱ ሰፈር እነዚህን ሁለቱን የማያውቅ ሰው አሳዳጊ የበደለው ይባላል።

እናም የመጀመሪያውን አከበረች። ሸራውን ገልጣ ሳጥኑን አወጣች፣ ከሹራቧ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ቦርሳውን አንግባ ገባች። ይህን ስህተት የእሷ አገር ሰው ካልሆነ ማንም አይሠራውም። ግዴለሽ ሰው ቢሆን እዚያው ጥሎት ገብቶ ሾርባውን በሰላም ይጠጣ ነበር። ጨዋነት እንዲህ ዋጋ የሚያስከፍልበት ቦታ እንዳለ ኦርቪል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አልነገራትም።

አብረዋት ገበታ የቀረቡት ሁለቱ ሰዎች ደግሞ፣ እንደ ዕድሏ፣ ሌላ ወሬ ያጡ ነበሩ። አንደኛው ግሮቨር የሚባል የፔንስልቬንያ ጡረተኛ ነው፤ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍር ስለኖረ ከማሽን በላይ መጮህ ለምዶበታል። ሌላዋ ዊኒ ናት፤ እዚያው ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ሆስፒታል ሠርታ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ እያወራች ሹራብ የምትሠራ፣ ከሹራቡ ዓይኗን የማትነቅል። መጀመሪያ ላይ ወሬያቸው የዋህ ነበር። ዊኒ ሬቫን ሥራዋን ጠየቀቻት።

"የተማሪ አውቶቡስ ነው የምነዳው።"

"በዚህ በረዶ? ልብሽ እንዴት ቻለው?"

"በረዶው አይከብድም። የሚከብደው ማታ ነው፣ ልጆቹን አውርጄ ከጨረስኩ በኋላ። እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ሄጄ አያለሁ። ሕፃን እንቅልፍ ይዞት ተረስቶ እንዳይቀር። አንድ ቀን እንኳ ሳላይ ወርጄ አላውቅም።"

"ተባረኪ" አለች ዊኒ።

ሬቫ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ያ አውቶቡስ ነው። ልጅ አልወለደችም፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ግን አመላልሳለች፣ ያመላለሰቻቸውም ወልደው ልጆቻቸውን ሰጥተዋታል። በመሣሪያ የተከሰሰ ሰው ደግሞ የተማሪ አውቶቡስ አይነዳም። ይህን ስታስብ ቦርሳውን በቁርጭምጭሚቷ ይበልጥ ጠበቅ አደረገችው።

ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ነገር አመጣ። ዋሽንግተን ያለው ምክር ቤት፣ በአንዱ ግዛት ሽጉጥ የመያዝ መብት ያለው ሰው በሌላውም ግዛት ይከበርለት ወይስ አይከበርለት እያለ ይከራከራል። ግሮቨር ማንኪያውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰረ።

"ይኸውላችሁ። የመንጃ ፈቃዴ እኛም ጋ መንጃ ፈቃድ ነው፣ እዚህም መንጃ ፈቃድ ነው። ጋብቻዬም እንደዚያው። ድንበር ስሻገር ሚስቴ ሚስቴ መሆኗ ይቀራል? ሽጉጤ ላይ ሲደርስ ግን ጠዋት ጨዋ የነበርኩት ሰውዬ ከሰዓት ወንበዴ እሆናለሁ።"

"ሚስትህ ሰው አትገድልም" አለች ዊኒ ከሹራቧ ቀና ሳትል።

"አታውቂያትም።"

በገበታው ዙሪያ ያሉት ሳቁ። ሬቫም ለይምሰል ሳቀች።

"ቀልዱን ተወው" አለች ዊኒ። "እኔ የሠራሁት ድንገተኛ ክፍል ነው። በጥይት የተመታ ልጅ አምጥተውልኝ፣ እናቱ መተላለፊያው ላይ ስትጮህ የሰማሁት ድምፅ ዛሬም ሹራብ ካልሠራሁ አይለቀኝም። እኛ እዚህ ያለን ሰዎች ተሰብስበን፣ መርጠን፣ በእኛ ደጅ እንዲህ ይሁን ብለናል። የእናንተን ደጅ ማን ነካባችሁ? ዋሽንግተን ምን ቤት ነው መጥቶ የኔን በር የሚከፍተው?"

"በሩ የሕገ መንግሥቱ ነዋ።"

"ሕገ መንግሥቱ ወለል ላይ ደም ሲያጥብ አላየሁትም።"

ግሮቨር ማንኪያውን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ጯሂ ብቻ ነው። "እሱስ እውነትሽን ነው" አለ ድምፁን ቀንሶ። "ግን ያንን ልጅ የመታው ሰው ፈቃድ ጠይቆ ነው የመታው? እናንተ የምትይዙት እኮ እሱን አይደለም። እናንተ የምትይዙት አለኝ ብሎ የሚናገረውን ነው።"

ሬቫ ሁለቱንም እየሰማች ሁለቱንም አመነቻቸው፤ ጭንቀቷም ከዚያ ባሰ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው የሚባለውን ተረት ሰው እንደዋዛ ይናገረዋል፤ ሳሩ ራሱ ገበታ ቀርቦ ሲያዳምጥ ግን ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ያን ቀን ሬቫ ብቻ ነበረች። በመጨረሻ ዝም ማለት አቃታት።

"ለመሆኑ" አለች ሾርባዋን እያማሰለች፣ "እንዲሁ የሚያልፍ ሰው ቢሆንስ? በረዶ ቢያግደውስ?"

ግሮቨር ፊቱ በራ። "ፌዴራሉ ይጠብቀዋላ! ሕጉ እኮ ለዚሁ ነው የወጣው።"

"እስካለፈ ድረስ" አለች ዊኒ። "የእህቴ ልጅ ጠበቃ ነው፣ አጫውቶኛል። መኪናው ላይ እንደተቆለፈ እስካለ ድረስ መንገደኛ ነው። ይዞት ከወረደ ግን አልፎ ሂያጅነቱ ቀረ። ያኔ የእኛ ሰው ነው፣ በእኛ ሕግ ይዳኛል።"

ሬቫ ግሮቨርን አየችው። እንዲቃወም ለመነችው፣ በዓይኗ። እሱ ግን አገጩን አከከ።

"እሱስ እንደዚያ የሚሉ ዳኞች አሉ" አለ። "ቢሆንም ምን ዓይነት ጅል ነው ይዞት የሚወርደው?"

"ጅል ነው" አለች ሬቫ።

ቦርሳውን አንግባ ወደ በሩ ሄደች። ልመልሰው፣ ሸራው ስር ልክተተው፣ ማንም አላየኝ ብላ። በመስታወቱ ስታይ ግን ያቆመችበት ቦታ ባዶ ነው፤ ጠራጊዎቹ መኪናዋን ወስደው የት እንዳቆሟት አይታወቅም። ከበሩ አጠገብ የቆመው የጣቢያው ሰው "ማንም አይወጣም እትዬ፣ እዚህ ደጅ ላይ ሰው ይጠፋል" ብሎ መለሳት። ወደ ሽንት ቤት ገብታ ለዶይል ደወለች። ነገሩንም ነገረችው።

"ዝም በይ፣ ሬቫ። ዝም አይነቅዝም። መንገዱ ሲከፈት መኪናሽን ፈልጊና ሂጂ።"

"ፖሊስ ቢመጣስ? አባባ እኮ..."

"አባባ ኒውዮርክን አያውቃትም ነበር።"

እሺ አለችው፤ አፏ እሺ አለ። ፊቷን ታጥባ ስትመለስ መብራቱ ሁለት ጊዜ ጥቅሻ የመሰለ ነገር አሳይቶ ጠፋ። ጄኔሬተሩ ጥቁር ጭስ ተፍቶ እስከ ወዲያኛው ዝም አለ፣ ማሞቂያውም አብሮ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ሰው ሲናገር ትንፋሹ መታየት ጀመረ። ሽማግሌዎቹን የጠረጴዛ ልብስ ሳይቀር አለበሷቸው። ዊኒ ያልጨረሰችውን ሹራብ ከነመርፌው አንድ በሳል የሚታፈኑ አዛውንት ትከሻ ላይ ጣለችላቸው።

በዚህ መሃል አንዲት ወጣት የግዛቱ ፖሊስ በረዶ ጭና ገባች። ዲማርኮ የሚል ስም ደረቷ ላይ ተጽፏል፤ ከስሙ በታች ትንሽ ካሜራ ቀይ ዓይኗን አፍጥጣለች። ከኮረብታው ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ማሞቂያው ይሠራል አለች። ከጣቢያው ጀርባ የተማሪ አውቶቡስ ቆሟል፣ ጠራጊ መኪና ከፊት ይመራል። የጠፋው ሹፌሩ ነው፤ በረዶ ቤቱ ዘግቶበታል።

"የተማሪ አውቶቡስ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ይኖራል?"

ሬቫ ወለሉን አየች።

"አለች እንጂ!" አለች ዊኒ፣ እንደ ሠርግ አስተናጋጅ ደስ ብሏት። "ይቺ እህታችን! በተራራ ላይ ነው የምትነዳው፣ ይህማ ለእሷ ጨዋታ ነው።"

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ታምሜያለሁ ብትል እኚያ አዛውንት እዚያው ሲያስሉ ሊቀሩ ነው። ቦርሳውን ትታ ብትሄድ መሣሪያ በተከፈተ ቤት ጥላ ሄደች ማለት ነው፤ በመጀመሪያ ያን ማድረግ ብትችል ኖሮ እዚህ ምን አመጣት? ይዛው ብትወጣስ? እዚህ ላይ ሐሳቧ ራሱ ቆመ። ሽጉጥ ይዛ የልጆች አውቶቡስ ላይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ልትገባ። ያመላለሰቻቸው ልጆች ሁሉ ከወንበራቸው ቀና ብለው የሚያዩዋት መሰላት። ዶይል እንደሚለው ዝም ማለት ትችል ይሆናል፣ ይህን ግን አትችልም።

ቦርሳውን አንስታ ጠረጴዛው ላይ፣ በፖሊሷ ፊት አስቀመጠችው። ከዚያ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ከቦርሳው ራቅ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

"ልጄ" አለች። "እነዳላችኋለሁ። ግን እዚህ ውስጥ በሳጥን የተቆለፈ ሽጉጥ አለ። ጥይት የለውም። የሟች አባቴ ነው፣ ቬርሞንት ላለ ወንድሜ ላደርሰው ነበር። አውቶቡስ ላይ ይዤው አልወጣም።"

ዲማርኮ ቦርሳውን አየች፣ ከዚያ ሬቫን። ወጣትነቷ ያኔ ነው የታየው።

"የኒውዮርክ ፈቃድ አለዎት?"

"የለኝም።"

"ታዲያ ለምን ነገሩኝ፣ እናቴ?"

"የሕግ ሰው ነሽ። መጣሽ። እኛ አገር ይነገራል።"

"ባይነግሩኝ ይሻለኝ ነበር" አለች ዲማርኮ ቀስ ብላ።

ግሮቨር ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። "ስሚ ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ መንገደኛ ናት! የፌዴራል ሕግ..." አለና አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ዓይኑ ከሬቫ ዓይን ጋር ተጋጨ፤ ቃሉን ሳይጨርስ ፊቱ ቀላ። ያኔ ማንም ያልጠበቀው ሰው ተናገረ።

"እኔ ምንም አላየሁም" አለች ዊኒ። "አንቺም ምንም አልሰማሽም፣ የኔ ልጅ። ቦርሳውን መኪናዋ ላይ መልሺላትና ነገሩ ይቅር።"

"አንቺ ነሽ እንዴ ይህን የምትይው?" አለ ግሮቨር።

"ዝም በል አንተ።"

ዲማርኮ ደረቷ ላይ ያለችውን ካሜራ በጣቷ ነካ አደረገቻት። "እኔ ባልሰማ እሷ ሰምታለች" አለች።

"የፌዴራሉ ሕግስ?" አለች ሬቫ። መልሱን ታውቀዋለች፤ ግን ሰው ገደል አፋፍ ላይ ሳር መጨበጡ አይቀርም።

"እሱን ለዳኛው ይነግሩታል። ምናልባት ይሰማዎታል። እኔ ያገኘሁዎት ግን መኪና ላይ አይደለም፣ በእጅዎ ይዘው ነው።"

ከጀርባቸው አዛውንቱ ሳሉ። ያ ሳል ለሁሉም ትእዛዝ ሆነ። ዲማርኮ ቦርሳውን አንስታ ብብቷ ስር ያዘች፣ ምን እንደምታደርግ ያላወቀች ይመስል በሩንና ሰዉን አፈራርቃ አየች።

"እስካሁን አልተከሰስኩም አይደል?" አለች ሬቫ።

"እስካሁን አልተከሰሱም።"

"እንግዲያው ቁልፉን ስጪኝ።"

አውቶቡሱ እንደሷው አውቶቡስ ቢጫ ነበር፤ ያው የላስቲክና የእርጥብ ጓንት ሽታ፣ ያው መስታወት። ሽማግሌዎቹን ደግፋ አስገባች፣ አዛውንቱን ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጠች፣ ጎማውን ዞራ አየች፣ ፍሬኑን ሞከረች። ነገ የማትሠራውን ሥራ ዛሬ አሳምራ ሠራችው። ከፊት ጠራጊው መኪና መንገዱን ሞልቶ ይሄዳል። በግራና በቀኝ የተቆለለው በረዶ ከመስኮቱ ይበልጣል። ከኋላ የዲማርኮ መኪና ቀይና ሰማያዊ መብራቷን እያዞረች ትከተላለች፤ ሳጥኑም እሷ ዘንድ ነው። ጉድና ጅራት በስተኋላ ነው ይባላል፤ ሬቫ ቀና ባለች ቁጥር መስታወቷ ውስጥ ያ መብራት አለ። መዞሪያ የለ፣ መቆሚያ የለ፣ መፍጠን የለ። ያለው ወደፊት ብቻ ነው፣ ወደፊት ያለውም የታወቀ ነው። አለቀሰች፣ ግን መሪውን ለቃ እንባዋን አልጠረገችም።

ግሮቨር ከኋላዋ ካለው ወንበር ጎንበስ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ተናገረ።

"እህቴ፣ ጅል ያልኩትን..."

"እኔም ጅል ነው ብዬሃለሁ እኮ" አለች ሬቫ። "ሹፌር አታናግር፣ መንገዱ ያንሸራትታል።"

ትምህርት ቤቱ በር ላይ መብራት ነበር። ሰዉ አንድ በአንድ፣ እጇን እየጨበጠ ወረደ። አዛውንቱን ሁለት ሰዎች ደግፈው አስገቧቸው። ዊኒ መጨረሻ ላይ ቀርታ የሬቫን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

"ምስክር እሆንልሻለሁ" አለች። "የትም ይሁን፣ እመጣለሁ።"

"ምን ብለሽ ትመሰክሪያለሽ፣ ዊኒ? ይዛው ነበር ወይ ብለው ነው የሚጠይቁሽ።"

ዊኒ እጇን ለቃ ወረደች። ያ ሁሉ ክርክር፣ ያ ሁሉ ሕገ መንግሥት፣ መጨረሻው የበረዶ ላይ ዱካዋ ሆነ።

ዲማርኮ በባዶው አውቶቡስ ደረጃ ላይ ወጣች። ካቴናውን በእጇ ይዛለች፣ ግን ሰው እንዳያየው ይመስል ከጭኗ ጋር አጣብቃዋለች።

"እናቴ፣ እንሂድ?"

"ትንሽ ቆዪኝ" አለች ሬቫ።

ተነስታ በወንበሮቹ መሃል መሄድ ጀመረች። ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች፣ ጎንበስ ብላ ከወንበሩ ስር አየች። የእያንዳንዱን ወንበር ጀርባ በእጇ ነካችው። ዲማርኮ አልጠራቻትም፣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ሬቫ መጨረሻው ወንበር ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆመች፤ ከኋላው መስታወት የፖሊሷ መኪና መብራት ፊቷ ላይ ይዞራል። ከዚያ እንደ ሄደችው ተመለሰች።

"ማንም አልቀረም" አለች።

መቀመጫዋ ላይ ተቀመጠች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ ቁልፉን ነቅላ ለዲማርኮ ሰጠቻት። ከዚያ ሁለት እጆቿን መሪው ላይ፣ በሚታዩበት አስቀመጠች።